ብሎገር ለአማርኛ ጸሐፊ፦ ሦስት ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

«ብሎግ መክፈት ፈልጌ ነበር፣ የት ይሻላል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አንድ ነው፤ ብሎገር። አዎ፣ ያ ጎግል በ2003 እ.ኤ.አ. የገዛው የብሎግ መክፈቻ አገልግሎት፣ አድራሻው ላይ ብሎግስፖት የሚል ያለበት፣ ብዙ ሰው ጊዜው አልፎበታል የሚለው። በአማርኛ ለሚጽፍ ጀማሪ ግን እስካሁን ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

መጀመሪያ ነገር ነፃ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በየዓመቱ ለሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹን ኢንተርኔት ላይ ለሚያኖርላችሁ ድርጅት፣ በዶላር መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ እየለመንኩ ነበር የምከፍለው፤ አንድ ዓመት ክፍያው ዘገየና ድርጅቱ፣ ስሙ ይቅር፣ ገጹን ዘጋው፣ ጽሑፎቼም አብረው ሄዱ። ብሎገር ላይ የራሴን ዶሜይን፣ ማለትም የራሴ ስም ያለበት አድራሻ፣ ልግዛ ካላላችሁ በቀር ክፍያ የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ጥቂት ቃላት ይግቧችሁ። ፖስት ማለት ቀን ያለው፣ አዲሱ ከላይ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው። ፔጅ ቀን አይቆጥርም፤ «ስለ እኔ» ለሚለው ዓይነት ነው። ይኼ ቀላል ነው።

ሌብል ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጽሑፎችን በርዕሰ ጉዳይ የምትሰበስቡበት መለያ ነው። እኔ አንዴ «ሥነ ጽሑፍ»፣ አንዴ በስልክ ስቸኩል «ስነ ጽሁፍ» እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለብሎገር ግን ሁለት ነው። አንባቢ አንዱን ሲነካ ግማሹን ጽሑፍ አያገኘውም። አሁን ሌብሎቼን ደብተር ላይ ጽፌ ከዚያ ነው የምገለብጠው።

ዋናው ፐርማሊንክ ነው፣ የእያንዳንዱ ፖስት ቋሚ አድራሻ። እዚህ ላይ ብሎገር ለእኛ አልተሠራም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። አድራሻውን ከርዕሱ ነው የሚያወጣው፣ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ርዕሱ በሙሉ አማርኛ ከሆነ የሚይዘው ስለሌለው በላቲን «ብሎግ ፖስት» ብሎ ያልፈዋል፤ በዚያው ወር ሌላ ስትጨምሩ ያንኑ ስም ከቁጥር ጋር ይሰጠዋል። ስለ ጎንደር ግንቦች የጻፋችሁትም፣ ስለ ሽሮ አሠራር የጻፋችሁትም አድራሻው ታይቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም! ስለዚህ ፖስቱን ከማውጣታችሁ በፊት በቀኝ በኩል ካለው ማስተካከያ ፐርማሊንክ የሚለውን ክፈቱ፣ ከስተም የሚለውን ምረጡ፣ ርዕሱን በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ቃላቱን በሰረዝ እያያያዛችሁ ጻፉ። ከወጣ በኋላ ወደ ድራፍት፣ ማለትም ወዳልወጣ ረቂቅ፣ ካልመለሳችሁት አይቀየርም፤ ከቀየራችሁት ደግሞ ሰው እጅ የገባው የድሮ ሊንክ አይሠራም።

ሌላው የብሎግ መሥሪያ ዎርድፕረስስ? እሱ አማርኛውን አድራሻ ውስጥ ይቀበላል፣ ብሮውዘር ላይ ሲታይም ያምራል። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ስትልኩት ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ፊደል በዘጠኝ ምልክት ይተካል። «ሰላም» የምትለዋ ብቻ 27 ምልክት ትሆናለች። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ዓይነት ሊንክ ሲላክልኝ ቫይረስ ነው ብዬ የማልነካው እኔ ብቻ አይመስለኝም። እዚያም በላቲን ማሳጠሩ ይሻላል።

ቴምፕሌቶቹ፣ ማለትም የብሎጉ ዝግጁ ንድፎች፣ ለላቲን ጽሑፍ የተሠሩ ስለሆኑ የመስመሩን ክፍተት ሰፋ አድርጉት፤ ፊደሎቻችን ሲጠጋጉ ዓይን ያደክማሉ። አዲስ ፖስት በኢሜይል መከታተያው ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ፊዱ፣ ማለትም አዲስ ፖስት ሲወጣ ለአንባቢ ፕሮግራሞች የሚያቀብለው መስመር፣ አሁንም አለ፤ የእኛ ሰው ግን ስለማይጠቀምበት ጎን ለጎን የቴሌግራም ቻናል ያስፈልጋችኋል።

ነፃ ቤት የሰው ቤት መሆኑንም አትርሱ። ብሎግስፖት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የተዘጋበት ጊዜ እንደነበር የምናስታውስ አለን። ሴቲንግ ውስጥ ባክ አፕ የሚል አለ፤ በእሱ ጽሑፎቻችሁን በሙሉ ማውረድ ትችላላችሁ። እኔ በየወሩ መጨረሻ አወርዳለሁ። ፎቶዎቹን ደግሞ ለብቻ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።