ለየካቲት 15 ምን ይገዛ፦ ማግ (ኩባያ)፣ ፒን ወይስ ጥልፍ ባጅ?

የካቲት ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። ልጆቻቸው ስካውት የሆኑ ወዳጆቼ ሁሉ «ምን እንግዛላቸው?» ይሉኛል። የካቲት 15 ስካውት የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ መሥራች የሮበርት ቤደን ፓውል ልደት ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጥልፍ ግዙ።

ዓምና እኔ ማግ ነበር ያሠራሁት። አንዱ 400 ብር፣ አሥራ ሁለቱ 4,800። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ልወስድ ስሄድ የቤደን ፓውል ፎቶ ያምራል፣ ባርኔጣው ሳይቀር ጥርት ብሏል። ከሥሩ ግን «1875–1941» ይላል። ሰውዬው የተወለዱት እንደ ፈረንጆቹ በ1857 ነው። «ማን ያየዋል?» አለኝ የህትመት ቤቱ ልጅ። የ11 ዓመት ስካውት ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አየው! ይስተካከልልኝ ብል ሙሉ ዋጋ ድጋሚ ክፈል ተባልኩ። በቃል ነበርና የነገርኳቸው ምን ብዬ ልከራከር? ጽፋችሁ ስጡ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንሱት። ቤት የቀረችው ማግ በሁለት ወር ከባርኔጣው ጀምሮ ተላጠች። አሁን እስክሪብቶ ማስቀመጫ ናት።

የዓለም ስካውት አርማ ያለበት ፒን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ እዚህ ሐዋሳ 250 ብር ገዝቼዋለሁ። ሲያዩት ደስ ይላል። ችግሩ የኋላው መርፌ ነው፤ ቶሎ ይነቀላል። በሱፐር ግሉ ቢለጠፍ ሳምንት አይቆይም። ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ጋ 100 ብር ከፍዬ ባስበይደው እሳቱ ሐምራዊውን ቀለም አጠቆረው። አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው። በዋናው አርማ ላይ ሁለት ኮከቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ጫፍ አላቸው፤ አሥሩ ጫፍ የአሥሩ የስካውት ሕግ ምልክት ነው። ዙሪያውን ገመድ አለ፣ ከታች ቋጠሮ። ርካሹ ላይ ቋጠሮው የለም። ጥፍራችሁን አሂዱበት፣ ልሙጥ ከሆነ ተዉት።

ቲሸርት አልቆጥረውም። 700 ብር፣ ልጁ በዓመቱ ይጠበዋል።

ጥልፍ ባጅ አንድ ብቻ ካዘዛችሁ 300 ብር ይጠይቋችኋል፤ ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ለአንድም ለሃያም ያው ነው። ሃያ ስታደርጉት 110 ብር ይወርዳል። ስለዚህ ከጎረቤት ተሰባሰቡ። እንደ ፈረንጆቹ በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ካምፕም ልጆቹ 20 ገደማ ነበሩ።

የቤደን ፓውልን ፊት ግን አታስጠልፉ። እኔ አስጠልፌ አጎቴን መስለው ወጡ። ክብ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ፤ ይኸው ይበቃል። በስካውት የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው፤ ኬንያ ኒየሪ ያለው መቃብራቸው ላይም ይኸው ምልክት አለ። ክሩ ጥቂት ነው፣ ማንም አያበላሸውም፣ ዓመተ ምሕረት የለበትም። ጠርዙን ብቻ በደንብ ይዝጉላችሁ። ሸሚዙ ሲጠብ አቶቴ ያለው ልብስ ሰፊያችን በ20 ብር ፈትቶ አዲሱ ላይ ይሰፋዋል። የልጄ ባጅ ሦስተኛ ሸሚዙ ላይ ነው።