የልብስ ማጠቢያ ማሽን አልነሳ ላላችሁ፣ እኚህን ጋሼ ልጠቁማችሁ

ዶሮ ማነቂያ የነበረውን የጋሼን የጥገና ቤት የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ሰውየው አሉ፤ ይሠራሉ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም ሲፈርስ ሱቃቸውም አብሮ ሄደ። አሁን ቴስተራቸውን፣ ካቻቢቴና ፒንሳቸውን በአንድ ቦርሳ ይዘው ቤት ለቤት ነው የሚሠሩት። ከፒያሳ እስከ ሰንጋ ተራና ካዛንቺስ ይመጣሉ። ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸውም፣ የጠፉባችሁ ደንበኞቻቸው እንድታገኟቸውም ነው።

የእኔ ልብስ ማጠቢያ ከፊት የሚከፈተው ዓይነት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ፕሮግራሙም ይቀየራል፤ ማስጀመሪያውን ስጫነው ግን ጭጭ። ውሃ አይስብ፣ አይዞር። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ (ስሙ ይቅር) አንድ ብሎን ሳይፈታ «ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። ትንሽ ቢጨመርበት ያገለገለ ማሽን ይገዛል። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ያላቃጠለው ነገር ስለሌለ፣ ለማመን ተቃርቤ ነበር።

ጋሼ ግን ሲመጡ ማሽኑን አልነኩም። ስፒናውን ከዲቫይደሩ ነቅለው ግድግዳው ላይ ሰኩት። ውሃ እያሞቀ የሚያጥብ ማሽን 2,000 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር መሆኑ ነው። ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሆንም አሉ። (ምጣድ እንኳን አልነበረበትም፤ ዝም አልኩ።) ቧንቧው መከፈቱን፣ የልጆች መቆለፊያው አለመብራቱን አዩ። ከዚያ ማስጀመሪያውን ተጫኑና «ልጄ፣ እስቲ ጆሮሽን ስጪኝ» አሉኝ። ጠበቅን።

«ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሽ?»

«አልሰማሁም ጋሼ።»

«በሩ አልተቆለፈማ! ካልተቆለፈ መቼም አይነሳም።»

የበሩን ላስቲክ ገለጥ አድርገው ሎኩን አወጡና በቴስተር ለኩት። ከቦርዱ ኤሌክትሪክ ይገባበታል፤ አይወጣበትም። ቦርዱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በማግስቱ አዲስ ሎክ ከመርካቶ ይዘው መጥተው ገጠሙት። ቀጭ አለ፣ ውሃውን ሳበ።

አሮጌውን ሎክ ፊቴ ፈልቅቀው አሳዩኝ። ውስጡ ከሳንቲም የምታንስ ክብ ነገር አለች። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ትግላለች፤ ስትግል አጠገቧ ያለችውን ስስ ብረት ታጎብጣለች። ብረቷ ስትጎብጥ በሩ ይቆለፋል፣ መስመሩም ይገናኛል። የእኔው መገናኛው ከስሎ ጠቁሯል። እጥበት አልቆም በሩ ወዲያው የማይከፈተው ይህቺው ነገር እስክትቀዘቅዝ ነው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ መታገስ ነው። «እጀታውን በጉልበት የሚጎትት ሰው አለ እዚህ ቤት?» አሉ። ባለቤቴ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

የጠየቁኝ ሂሳብ፣ ዕቃውም የእጃቸውም ተደምሮ፣ ለቦርድ የተጠራልኝን ሩብ አይሞላም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አንድ እንከን አላቸው፤ ያረፍዳሉ። «የታክሲ ሰልፍ ነው» ይላሉ። ጠዋት ካሏችሁ ከምሳ በፊት ማለታቸው እንደሆነ ቁጠሩት።

ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለነገሩኝ፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከመደወላችሁ በፊት በሩ ጠርዝ ላይ ወይም ከኋላ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው፤ ዕቃውን አስቀድመው ያፈላልጋሉ። እሁድ አይሠሩም።