ደሴ ላይ የወገብ ዶቃ ለምትፈልጉ፣ ላስቲኩን ተዉትና በክር ሚታሰረውን ግዙ

ቲክቶክ ላይ እያያችሁ የት ይገኛል ለምትሉኝ እህቶቼ፣ ፒያሳ አካባቢ ጌጣጌጥ ሚሸጡት ጋ ጠየቅ ጠየቅ ብትሉ ታገኙታላችሁ። እኔ የገዛሁባት ሱቅ ጠባብ ናት ግን ልጅቷ ስራዋን በደንብ ታውቃለች። ሁለት አይነት አላት፣ አንዱ በላስቲክ የተሰካ ነው ይወልቃል ይጠለቃል፣ ሌላኛው በጥጥ ክር ተሰክቶ ወገብሽ ላይ ለክታ ምትቋጥረው ነው፣ እሱ አይወልቅም ከሰለቸሽ በመቀስ ነው። ስትለካኝ ሆዴን ሳብ አድርጌ ነበር "አብሽሪ፣ ልቀቂው፣ በደንብ ተንፍሺ" ብላ ጠበቀችኝና እንብርቴ ስር አንድ ጣት ሚያስገባ ቦታ ትታ ሶስት ጊዜ ቋጠረችው፣ የተረፈውን ክር ደሞ መልሳ ዶቃዎቹ ውስጥ ደበቀችው። ከሌላ ቦታ የገዛሁት ላስቲክ ግን ገላዬን በታጠብኩ ቁጥር እየላላ ሄዶ አሁን ዳሌዬ ላይ እንኳን አይቆምም።

ክሩን ምመርጠው ግን ለጥንካሬው ብቻ አይደለም። ነገሩ የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ የናይጄሪያ ዮሩባዎች ኢሌኬ ኢዲ ይሉታል ሴኔጋሎች ቢንቢን፣ እና ክሩ ስለማይለጠጥ ስትወፍሪ ይጠብቅሻል ስትከሺ ወደታች ይወርዳል፣ ያለ ሚዛን ሰውነታቸውን ሚከታተሉት በዚህ ነው፣ ህፃን ወገብ ላይም ሚያስሩት እድገቱን ለማየት ነው (እናንተ ግን ህፃን ላይ አትሞክሩት፣ ከተበጠሰ ይውጠዋል)። ላስቲክ ይሄን ሁሉ አይነግርሽም። ደሞ ከልብስ ስር ነው ሚደረገው፣ ላገባችው ሴት የሷና የባሏ ነገር ነው። ጋና ውስጥ ክሮቦዎች ልጃገረዶቻቸውን ለአቅመ ሄዋን ሲደርሱ በሚደረገው ዲፖ ሚባል ስርዓት ላይ በዶቃ ያስጌጧቸዋል፣ ዶቃውንም ራሳቸው ናቸው ሚሰሩት፣ ጠርሙስ ፈጭተው ሸክላ ቅርፅ ውስጥ ይጨምሩና መሃሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ይሰካሉ፣ እቶን ውስጥ ዘንጉ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቀዳዳው ይቀራል። በጣም ነው ደስ ሚለኝ ይሄ ነገር! የደሴው የክሮቦ አይደለም፣ በማሽን የተሰራ ደቃቅ የመስታወት ዶቃ ነው፣ ልጅቷም አልዋሸችኝም። ፕላስቲክ እንዳይሸጡላችሁ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ መስታወት ይቀዘቅዛል።

አንድ ያልወደድኩት ነገር፣ ቀይ ፍቅር አረንጓዴ ገንዘብ ሚል ወረቀት ለጥፋለች። የቀለም ትርጉም ከህዝብ ህዝብ ይለያያል እኮ፣ ለሁሉም ሚሰራ ዝርዝር የለም፣ ብታነሳው ጥሩ ነው።

የቤት ነገርም አለ። እኛ ወሎዎች ጋ ወገብ ላይ ዶቃ ሲባል እናቶቻችን ቶሎ ትዝ ሚላቸው የአድባርና የውቃቤ ጨሌ ነው፣ እማዬም ስታየው ክው ነው ያለችው። ከዛ ጋ እንደማይገናኝ፣ የሌላ አገር ሴቶች ጌጥ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፣ እናንተም ቀድማችሁ ንገሯቸው ከመደበቅ ይሻላል። ዶቃ ራሱ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው አንገት ላይ ስንት አይነት እንዳለ ያውቃል።

ዋጋው አንዱ ዙር 350 ብር ነው፣ ሶስት ዙር ከወሰዳችሁ ትቀንሳለች። አርብ ለጁምዓ ስለምትዘጋ ጠዋት ሂዱ፣ ለመለካት እንዲመች ከላይና ከታች የተለየ ልብስ ልበሱ።