በረዶ ሸሽታችሁ ለምትመጡ ጡረተኞች፦ ሾፌራችንን አመስግኜ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሾፌር ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። «እትዬ፣ ሥራዬን ይንገሩልኝ እንጂ ስሜን አያውጡት» ስላለኝ ፈቃዱን አከብራለሁ። ሥራውን ግን ሳልናገር አላልፍም። እንደ እኛ ጡረታ ወጥቶ የበረዶውን ወራት አገር ቤት ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው ከአውሮፕላን ቲኬቱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሾፌር ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሚኔሶታ ነው። ሚኒያፖሊስን ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥር 2019 ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የወረደበት ከተማ ነው። እኔ ዕድሜዬን በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ፣ እሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ፣ ጎህ ሳይቀድ በረዶ እየጠረግን ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። ጡረታ ስንወጣ ልጆቹ ወደ ፍሎሪዳ ወይም ወደ አሪዞና ብቅ በሉ አሉን። ፍሎሪዳ ማን አለን? እህት በሌለበት፣ ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤት በሌለበት፣ ገናና ጥምቀት በማይደምቅበት ሙቀት ብቻውን ምን ይሠራል? ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ጊዜ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ለማሳለፍ ወሰንን።

አዲስ አበባ ግን ሙቅ አገር አይደለችም። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐይዋ ቢያምርም ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሚኔሶታ እኮ ውጭው ነው እንጂ ቤቱ ይሞቃል፤ እዚህ ቤቱም አይሞቅም። ባለቤቴ ጋቢ በካፖርት ላይ ደርቦ፣ ደረጃ ሲወጣ እያለከለከ፣ «ከበረዶ ሸሽቼ ውርጭ ላይ ወደቅሁ» እያለ ሲነጫነጭ ሰነበተ።

ሾፌሩን የጠቆመችን እህቴ በዕድሯ የምታውቃት ሴት ናት። ስልክ ስንደውልለት የት እንደምንሄድ አልጠየቀንም። የጠየቀው ማን ማን እንደሚሄድ ነው። ዕድሜያችን ስንት ነው? ጉልበት የሚያመው አለ? በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት የያዘ፣ መኪና ሲሄድ የሚያቅለሸልሸው ልጅ አለ? ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ለባለቤቴ፣ «ጋሼ፣ ብርዱ ከጠናብዎት እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወደ ቆላ ቀስ እያልን እንውረድ» አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቢሾፍቱ፣ ከዚያ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ላንጋኖ፣ ቀጥሎ ሐዋሳ፣ በመጨረሻ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ አየሩም ለደከመ ሳንባ ይቀላል። እውነትም ላንጋኖ ስንደርስ የባለቤቴ ጋቢ ከሻንጣ አልወጣም።

መኪናው ሃይሩፍ የሚባለው ሚኒባስ ነው፤ አዲስ አይደለም። በሩ አጠገብ አንዲት የእንጨት በርጩማ ታስራለች። በቆምን ቁጥር እሷን ፈትቶ መሬት ላይ ያስቀምጥና ክንዱን ይሰጠናል። በርጩማዋ ባትኖር የእኔ ጉልበት ያንን ከፍታ አይወጣውም ነበር። ነዳጅ የሚቀዳው ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት፣ እኛ ሳንኖር ነው፤ ሽማግሌ አስቀምጦ ሰልፍ አይጠብቅም። ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ደግሞ በዚያ መስመር ለሚሠሩ ሾፌሮች ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቃል። መልሱ ካላረካው ቀኑን ይለውጣል።

አሁን ሰው ስለማይጽፈው ነገር ልጻፍ። ለጡረተኛ የጉዞ ትልቁ ጥያቄ ሐይቁ ወይም ሆቴሉ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ብዙ እኩዮቼ መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ብለው ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ሾፌራችን ግን ከቃሊቲ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን ንጹሕ መጸዳጃ ቤት በቃሉ ያውቃል። ሞጆ ላይ የትኛው ሆቴል መቀመጫ ያለው እንዳለው፣ ባቱ ላይ የትኛው ደረጃ እንደሌለው፣ ሻሸመኔ ላይ ጠዋት ንጹሕ የነበረው ከሰዓት በኋላ እንደማይገባበት ሳይቀር። እኛን ከማውረዱ በፊት ራሱ ገብቶ ያይና፣ «ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው» ይለናል። ሶፍትና ሳሙና ከመኪናው አይጠፋም። አንድም ጊዜ «አቁምልኝ» ብዬ እንዳፍር አላደረገኝም፤ እንዲያውም ቀድሞ፣ «እኔ እግሬን ላፍታታ፣ ትንሽ ብንቆምስ?» ይላል። እግሩ እንዳልደነዘዘ ሁላችንም እናውቃለን።

እህቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ኢንሱሊን የአርባ ምንጭን ሙቀት አይችልም። እሱ በረዶ የሚያዝበት ሳጥን ይዞ መጣ፤ መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ማታ ማታ የሆቴሉን ወጥ ቤት ለምኖ በረዶውን ያስቀይራል። የምሳ ሰዓቷንም ከእሷ በላይ ይጠብቅላት ነበር።

ባለቤቴ፣ እንዳልኳችሁ፣ ታክሲ ነጂ ነበር። ሌላ ሰው ሲነዳ ሰላም የለውም፤ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። መጀመሪያ ከፊት ተቀምጦ ሾፌሩን ሲመረምር ቆየ፤ በፈጣን መንገዱ ላይ ፍጥነቱን፣ ሻሸመኔ ላይ በባጃጅና በጋሪ መካከል እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ጥሩምባ ይነፋ እንደሆነ። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ሃላባ ስንቃረብ ዘወር ብዬ ባየው እያንኮራፋ ነው። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲነቃ «ልጁ ይነዳል» አለ። በባለቤቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም።

ልጃችን ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ገናን ከእኛ ጋር ለማክበር መጥታ ስለነበር ጉዞው የቤተሰብ ሆነ። ታናሹ የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገር ያፍራል። ሾፌሩ አህያ ባየ ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አዘዘው። ሐዋሳ ስንደርስ ልጁ ሰማንያን አልፎ ነበር፤ ሰባውንና ሰማንያውን እያምታታ። ሐዋሳ የታኅሣሥ ገብርኤልን አከበርን፤ ቁልቢ መሄድ ለጉልበቴ ስለማይሆን የሐዋሳው ገብርኤል በረከቱን አላጎደለብንም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ግን ጠብ ተነሣ። እኔ የነቢያትን ጾም እጾማለሁ፤ ባለቤቴ «ዓሣ ጾም አይሽርም» ብሎ ጥብስ አዘዘ። ዳኛ ሁነን ብንለው ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ እኔ የምዳኘው በመንገድ ላይ ነው፤ ይህንን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ» ብሎ ሽሮውን መብላቱን ቀጠለ።

አርባ ምንጭ ከተሟሟቅን በኋላ ዶርዜ መንደር ለመድረስ ጠመዝማዛውን የጨንቻ መንገድ ወጣን። ልጆቹን አቅለሸለሻቸው። ሎሚ ቆርጦ አሸተታቸው፤ ትልቋን ከፊት አስቀምጦ ሩቅ እንድታይ አደረገ፤ በየኩርባው ቀስ አለ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ኮባ ይከደናል፤ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሰበ ገብቶኛል። ልጆቹ ቆጮውን በማር በሉ፤ ዳጣውን የደፈረችው ትልቋ ብቻ ናት። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ለማየት ጀልባ ስንከራይ ደግሞ ለሁላችንም የመንሳፈፊያ ጃኬት እስኪመጣ ድረስ ሾፌሩ ጀልባውን አላስነሣም አለ። ባለ ጀልባው ተቆጣ፤ ጃኬቶቹ ግን መጡ።

ስለ ገንዘብ። እህቴ ተንኮለኛ ናት፤ መጀመሪያ የደወለችለት ስለ እኛ ሳትነግረው፣ ለራሷ እንደሚሆን አድርጋ ነው። የነገራት ዋጋ በኋላ ከአሜሪካ መምጣታችንን ሲያውቅ አልጨመረም። የቀኑ ሒሳብ፣ የነዳጁ ወጪ በደረሰኝ፣ የእሱ ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን፣ ሁሉም በወረቀት ተጽፎ ተፈራርመናል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ «እዚህ ሆቴል እንግዳ ላመጣ ሾፌር ይከፍላሉ፤ ስለዚህ በእኔ አፍ አትመኑ፣ ክፍሉን ራሳችሁ ዩት» አለን። አይተን ሌላ መረጥን፤ ፊቱ አልተለወጠም።

ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይነዳም፤ አለቀ። ባለቤቴ «አርባ ምንጭ እኮ ቀርቧል» ብሎ ቢለምነው ወላይታ ሶዶ ላይ አሳድሮናል። የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ በቀትር ይደክማል። ወሬ አያበዛም፤ ጠዋት መዝሙር ዝቅ አድርጎ ይከፍታል፣ በቀረው ሰዓት ዝም ነው። ቸኩሎ ብዙ ቦታ ለማየት የሚፈልግ ወጣት ይሰለቸዋል። እኔ ግን አያት ለሚያሳፍር ሰው ይህ ዝግታ ትክክለኛው ዝግታ ነው እላለሁ።

እግረ መንገዴን ለአሜሪካ እኩዮቼ ጥቂት ልበል። ዜግነት የቀየራችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አውጡ፤ በየዓመቱ ከቪዛ ጣጣ ትገላገላላችሁ። ሠርታችሁ ያገኛችሁት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለአሜሪካ ዜጋ እዚህም ሆኖ አይቋረጥም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ፣ ኤስ ኤስ አይ፣ ግን ሌላ ነው፤ ከአገር ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆያችሁ ይቆማል፤ ሁለቱን አታምታቱ። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ በአጠቃላይ እዚህ ለምትታከሙት አይከፍልም፤ የጉዞ ጤና መድን ያዙ፣ መድኃኒታችሁንም የቆይታችሁን ያህል ይዛችሁ ኑ። ቆላው ወባ አለበትና ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በአጎበርም ተኙ። ቲኬት ስትቆርጡ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ልጄ ሆይ፣ ይህንን ካነበብኸው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እህቴን፣ ባለቤቴን፣ የልጅ ልጆቼን በሰላም ወስደህ በሰላም መልሰሃል። ከልጆቹ መመለስ በኋላ እኔና ጋሼህን ላንጋኖ አድርሰህ፣ መምጫህን ጠይቀህ፣ በቀጠሮህ ሰዓት በሩ ላይ ቆመህ ስላገኘንህም እናመሰግናለን።

ስልኩን ካለ ፈቃዱ እዚህ አልለጥፍም። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሱን ጠይቄ አገናኛለሁ። ማን ማን እንደሚሄድና ከመካከላችሁ ማን እንደሚያመው አብራችሁ ጻፉ፤ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። በሚመጣው ዓመት ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ጊዜ ግን አትጠይቁኝ፤ እኛ ይዘነዋል።