የከዚራው የበረዶ ሥዕል፦ 45 ሺህ ያወጣል?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ፣ ከቁም ሳጥኖቹ በላይ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ቅርፊታቸው ነጭ የሆነ የበርች ዛፎች፣ በበረዶ የተዋጠ አጥር፣ ጢስ የሚወጣበት የእንጨት ቤት። ከታች በቀኝ በኩል በላቲን ፊደል አጭር ፊርማና «74» የሚል ቁጥር አለው። ሱቁ «ፈረንሳዮቹ ትተውት የሄዱት፣ የ1874 ሥዕል» ብሎ 45 ሺህ ብር ጠይቆበታል። ታሪኩ ለድሬ ሰው ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ በኋላ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም እዚህ ኖረው፣ ዕቃቸውን እየሸጡ ሄደዋል። ለዚህ ሥዕል ግን አይሠራም።

መጠኑ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። የፈረንሳይ ሸራ በቁጥር የሚጠራ የታወቀ ልክ አለው፦ ለመልክዓ ምድር 15 ቁጥሩ 65 በ50፣ 20 ቁጥሩ 73 በ54 ነው። ይህኛው ከሁለቱም አይገጥምም። ሸራ ተቆርጦ እንደገና ሊወጠር ስለሚችል ልክ ብቻውን አይፈርድም፤ ጥርጣሬ ግን ያስነሣል።

ሱቁ ሥዕሉ ከፍሬሙ እንዲወጣ መፍቀዱ ሊመሰገን ይገባል፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። የፍሬም ከንፈር የሥዕሉን ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ እዚህም የሸፈነው ዋናውን ነገር ነበር። ፍሬሙ ሲወልቅ ከ«74» ሥር፣ በቀጭን ብሩሽ፣ «ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። 1974 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1981 ወይም 1982 ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ሸራው በተወጠረበት እንጨት፣ በሶቪየት ገንዘብ፣ በሩብልና በኮፔክ፣ ዋጋ የተጻፈበት የደበዘዘ ማኅተም አለ።

እንግዲህ ሠዓሊው የአገራችን ሰው ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም ተማሪ ሳለ የሣለው። በዚያ ዘመን ሥዕል ለመማር ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ታዋቂው ሠዓሊ ታደሰ መስፍንም የተማረው ሌኒንግራድ ነው። በረዶውም ይህን ይደግፋል። ጥላው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው፣ ፀሐይ ያረፈበት ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። በረዶን ከፎቶግራፍ የሚቀዳ ሰው ብዙ ጊዜ ጥላውን በነጭና በጥቁር ድብልቅ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ሲሚንቶ ይመስላል። ይህ ሥዕል ቆሞ ታይቶ የተሣለ ነው፤ ከ«1874» ተረትም የበለጠ ዋጋ ያለው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ጀርባው የማያናግር ሥዕል ሲገጥም በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይጀመራል። ቀለሙ እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከሆነ የኅትመት ቅጂ ነው፤ ላዩ ላይ ግልጽ ቫርኒሽ በብሩሽ ተቀብቶ እጅ የነካው ስለሚመስል በዓይን ብቻ አይታመንም። ፊርማውን ደግሞ ከስንጥቁ ጋር አስተያዩት። ስንጥቁ ፊርማውንም አብሮ ከሰነጠቀ ደኅና ነው፤ የፊርማው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ከፈሰሰ ግን ሥዕሉ ካረጀ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀጥሎ ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን አልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት። አሮጌ የዛፍ ሙጫ ቫርኒሽ አረንጓዴ ጭጋግ መስሎ ያበራል፤ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይቀራል። የዚህኛው ፊርማ ከቫርኒሹ ሥር ነው። ለ1874 ተከራካሪ የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር፦ ቲታኒየም ነጭ የሚባለው የነጭ ቀለም ዓይነት ለገበያ የበቃው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው፤ ቤተ ሙከራ ከመጀመሪያው የበረዶ ቀለም ውስጥ ካገኘው ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ የስልክ መብራት ከጎን ተጠግቶ ሲበራበት ሰማዩ ላይ ሁለት ቦታ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ጠርዙን አንሥቷል። ሸራው የላላው ማዕዘኖቹን የሚወጥሩት ሽብልቆች ከስምንቱ ሦስቱ ስለጠፉ ነው። ይህ ቀላል ነው። የሚያሳዝነው በግራ በኩል ቀለሙ ላይ የወጣው ደመና የመሰለ ነጭ ዕድፍ ነው፤ ሱቁ ራሱ እንደሚለው በነጭ ጋዝ ተወልውሏል። ነጭ ጋዝም፣ ሎሚም፣ ሳሙናም፣ የተገመሰ ድንችም ለዘይት ቀለም ጠላት ናቸው። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይነሣ፤ ቀለሙ ባነሣበት ቦታ ግን ብሩሽም አይድረስ።

ዋጋውን የሚወስነው የሠዓሊው ማንነት ነው። ፊርማውን በፎቶ ቅርብ አድርጎ አንሥቶ፣ ከጀርባው ማኅተም ጋር፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መምህራን ማሳየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ስሙ ከታወቀ የሚነጻጸረው የዚያው ሠዓሊ፣ የዚያው ዘመንና የተቀራረበ መጠን ያለው ሥራ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ የሻጭ ጥያቄ ዋጋ አይባልም። የጨረታ ውጤትም የገዢውን ኮሚሽን ይጨምር አይጨምር መጣራት አለበት። የተማሪነት ሥራ ደግሞ ሠዓሊው ከገነነ በኋላ ከሠራው ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ስሙ እስኪታወቅ ድረስ የሚገዛው እንደ ጥሩ የግድግዳ ሥዕል ነው፤ ጥገናው ተቀንሶ ከ20 ሺህ ብር በላይ አንከፍልበትም። የተስማማ ሰው በንጹሕ የጥጥ አንሶላ ጠቅልሎ በባጃጅ ይውሰደው፤ በድሬ ሙቀት ፌስታል ከቫርኒሹ ጋር ይጣበቃል።