ፍላሽ ሲሰካ ስክሪፕት ማስነሳት፦ በ«ራን» ወይስ በሲስተምዲ?

ሊኑክስ ላይ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፋይል የሚገለብጥ ስክሪፕት እንዲነሳ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የዩዴቭ (ዕቃ ሲሰካና ሲነቀል የሚያስተናግደው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ ውስጥ «ራን» (RUN) ብሎ የስክሪፕቱን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ነው። አንድ መስመር ይበቃል፤ በቅጽበት ለሚያልቅ ሥራ ግሩም ነው። ለቅጂ ግን አይሆንም። ዩዴቭ ከኋላ የሚቀረውን ሂደት ይገድላል፤ 180 ሰከንድ ካለፈም ያቋርጣል። እዚያ ውስጥ ማውንት ማድረግማ (ዲስኩን ከፋይል ሥርዓቱ ጋር ማገናኘት) አይሞከር፦ ዩዴቭ በራሱ ክልል ተነጥሎ ስለሚሠራ ማውንቱ ይከለከላል፣ ወይም የተገናኘው ዲስክ ለሌላው ሲስተም አይታይም።

ሁለተኛው ሥራውን ለሲስተምዲ (ሰርቪሶችን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ለሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) መተው ነው፦ በዩዴቭ ደንቡ ዕቃውን «ሲስተምዲ» የሚል ታግ (መለያ) ሰጥቶ የሰርቪሱን ስም በ«ሲስተምዲ ዋንትስ» (SYSTEMD_WANTS) መጥቀስ። የሰርቪስ ፋይል ለብቻው መጻፍ ይጠይቃል፤ ግን ቅጂው ሰዓት ቢፈጅም ዩዴቭ አይነካውም፣ ስህተቱም ከጆርናል (ከሲስተምዲ መዝገብ) ይነበባል። እኔ ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ዕቃው ሲነቀል ለሚፈለግ ሥራ ግን «ራን» ይሻላል።