የኸዋኒጁ ፈረስ ግልቢያ፦ ሱልጣንን ጠይቁ

ዱባይ ለምትኖሩና ፈረስ መጋለብ ለሚያምራችሁ ይችን ልጻፍላችሁ። ቦታው ኸዋኒጅ ነው። ስሙን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ፤ ሽንት ቤታቸውን ላማ ስለሆነ እዚህ አልጠራውም።

ዋጋው ለ45 ደቂቃ 150 ድርሃም ነው። ሄልሜት ከነሱ፣ ረጅም ሱሪና ዝግ ጫማ ከናንተ።

ለኔ የደረሰኝ ሱልጣን የሚባል ዳማ፣ ማለትም ቀይ ቡናማ ፈረስ ነው። ቦራ ነው፤ ነጩ ከግንባሩ ተነስቶ ላይኛው ከንፈሩ ድረስ ይወርዳል። ሦስት እግሩ ከታች ነጭ ሲሆን የፊት ቀኙ ብቻ ጠቆር ያለ ነው። እርካቡን ልረግጥ ስል አስተማሪዋ ሳቀች። እንግሊዛዊት ናት። በነሱ አገር ፈረስ ሲገዛ የሚባል የቆየ ግጥም አለ። አንድ እግሩ ነጭ ከሆነ ግዛው፣ ሁለት ከሆነ ሞክረው፣ ሦስት ከሆነ ጠርጥረው፣ አራት ከሆነ እለፈው ዓይነት ነገር ነው። ሱልጣን እንግዲህ ተጠርጣሪ መሆኑ ነው።

ልጓሙን የያዙት ሱዳናዊ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ሁላችንም ዓሚ ነው የምንላቸው፣ በአረብኛ አጎቴ እንደማለት። የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ፣ የነቢዩን ቃል አነሱ። በላጩ ፈረስ ጥቁር ሆኖ ግንባሩና ላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው። ቀጥሎ ግንባሩም እግሮቹም ነጭ ያለባቸው፣ ቀኙ ብቻ ነጭ ያልነካው ነው። ጥቁር ካልተገኘ ደግሞ በዚሁ ምልክት ዳማ። ዓሚ የሱልጣንን ቀኝ እግር መታ መታ አድርገው «ይኸውና» አሉኝ። ያው ፈረስ፣ ያው እግር! ለንደን ቢሆን ዋጋው ይወርዳል፣ እዚህ ይወደዳል።

የግጥሙ ሰበብ ነጭ ሰኮና ይለሰልሳል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል የሚል እምነት ነው። ተመራማሪዎች ለክተው ቀለሙ በጥንካሬው ላይ ለውጥ እንደማያመጣ አይተዋል። እውነተኛው ጣጣ ሌላ ነው። ከነጭ ጠጉር ስር ያለው ቆዳ ሮዝ ስለሆነ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ዓሚ ከኮርቻው በፊት የሱልጣንን አፍንጫ በልጆች የፀሐይ ክሬም ሲቀቡት አየሁ። እሱም ከንፈሩን ሰቅሎ ጥርሱን እያሳየ ይጠብቃል። እኔ እንኳ እንዲህ አልቀባም።

ጎን ያለችው ግራጫ ባዝራ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ታስሮላታል፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት። ዓሚ ሺርክ ነው፣ በአላህ ማጋራት ነው እያሉ ይፈቱታል፣ የባለቤቷ ሚስት መልሳ ታስራለች። የወሎ ልጅ ነኝና ክታብ ብርቄ አይደለም፤ ከፈረሷ ጋር ግን አዘንኩ፣ በየቀኑ የሚያስራትና የሚፈታት አላጣችም። ከሷ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የኋላ ቀኙና የፊት ግራው በሰያፍ ነጭ ነው። ሺካል ይሉታል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደማይወዱት ሌላው የሐዲስ ሰብሳቢ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ዓሚ በገንዘባቸው አይገዙትም። ሕፃናቱን የሚያስጀምሩት ግን በሱ ነው፤ ከሱ የረጋ የላቸውም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። አስተማሪዋ ጎበዝ ናት፣ አትጮህም። ሶምሶማ ላይ መቀመጫዬ ከኮርቻው ጋር ሲጣላ ወገቤን ሳይሆን ትንፋሼን አስተካከለችልኝ፣ ሠራም። ቅዳሜ ግን አትሂዱ። አንድ አስተማሪ ለስድስት ሰው ስለሚሆን ግማሹን ሰዓት ተራ ስትጠብቁ ታሳልፋላችሁ፤ ክፍያው ያው ነው። በሙቀቱ ወራት ንጋት ላይ ያለውን ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለናንተም ለፈረሱም ግፍ ነው።

ሽንት ቤቱ በሩ አይዘጋም፣ ውሃውም አንዳንዴ የለም። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬው «ኢንሻአላህ» ብሎኛል። ቤታችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፣ ሦስቱ የሱልጣን ናቸው። ዋትሳፕ ላይ ስትይዙ ስሙን ጠቅሳችሁ ጻፉ፣ አለዚያ ያገኙትን ነው የሚሰጧችሁ።